ከፊደል በፊት

አራት ዓመቱ ነው፤ ባምላክ ይባላል፤
ከመስኮቱ ሸሽቶ፣ ከበሩ ተጠግቶ ይቀመጣል።
እኔ «ሀ» ስል ልጆቼ «ሀ!» ይላሉ፣
አዘዞ በሙሉ የደነቆረ ይመስል ይጮኻሉ፤
እሱ ግን፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣
የደጁን ኮቴ ይሰማል፣ ከሁላችን ቀድሞ።

በመጀመሪያው ወር ካርዱ ላይ፣ በቀይ፣
«ትኩረት የለውም» ብዬ ጻፍኩበት።
ያችን ቃል ዛሬ በምላሴ ባጠፋኋት።

ትኩረትማ ሞልቶት፣ ተርፎት ነበር፤
የጓሮው ቆርቆሮ ሲንኳኳ፣ ባጃጅ ሲቆም ካስፋልቱ ዳር፣
የጽዳቷ የእትዬ ማሬ የቁልፍ ዘለላ ሲንቃጨል፣
አንገቱ ብቻውን ይዞር ነበር፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ሲሰቀል።
ለኔ ፊደል የቀረ ቦታ አልነበረም።
ማንበብስ ያነባል፤ የሚያነበው በር ነው እንጂ ገበታ አይደለም።

ቁልፉ ባንዴ ከዞረ፣ ደህና ነው፣ እራት አለ።
ቁልፉ ቀዳዳውን ከሳተ፣ ከፈለገ፣ ከዋለለ፣
እህትህን ይዘህ ካልጋ ሥር ግባ።
ጫማው በር ላይ ከወለቀ እሰይ፤ ጫማው ከነጭቃው ከገባ...
ይህን ማን አስቆጠረው?
ማንም። ሌሊቱ ነው ያስተማረው።

አባቱን አውቀዋለሁ፤ ፒያሳ መድኃኒት ቤት አለው፤
ነጭ ጋዋኑን ተኩሶ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚለው።
ለሰፈሩ ጉልበት ፕላስተር፣ ለሰፈሩ ሳል ሽሮፕ የሚሸጥ፣
«ልጄን አደራ» ብሎ እርሳስ በደርዘን የሚሰጥ።
እናቱ አትጠገብ፣ በሚያዝያ ሐሩር፣ እስካገጯ በሻሽ ተጠቅልላ፣
«የቁምሳጥኑ በር ነው» ትለኛለች፣ ሳልጠይቃት፣ ዓይኗን መሬት ጥላ።

ጎረቤቱ ግድግዳ ይጋራል።
«የባልና የሚስት ነገር ገመና ነው» ይላል፤
«ልጅ ደሞ ምን ያውቃል፤ ይረሳዋል፤ ያድጋል።»
ያድጋልማ።
ያድግበታል።
ጎረቤት አማሁ እንጂ፣ እኔስ?
በሰጠኝ እርሳስ ስጽፍ ከረምኩ።

ሁለት ዓመቱ ላይ «ውሃ» ይል ነበር አሉኝ፤ ዛሬ በጣቱ ያሳያል።
ፊኛ ሲፈነዳ ጠረጴዛ ሥር እናገኘዋለን፤ ሱሪው ርሷል።
የልጆቼን ቁመት በየወሩ፣ በኖራ፣ በሩ መቃን ላይ እጭራለሁ፤
የሱን የመስከረም ጭረት ጥር ላይ ደግሜ አደምቀዋለሁ።
ልጅ በእንቅልፉ ነው የሚያድግ ይባላል።
ዘብ ቆሞ ሌሊቱ ለሚነጋበት
ቁመት በየትኛው እንቅልፉ ይጨመርበት?

አንድ ቀን፣ እቃ እቃ ሲጫወቱ፣ ሴቶቹ ልጆች «አባት ሁን» አሉት።
ተነሣ። የሌለ በር ዘጋ። ጡብ አንሥቶ መደርደሪያው ላይ አኖራት፣
ጆሮዋን እንደ መጠምዘዝ አደረጋት።
«ምንድን ነው?» አለችው ሶስና።
«መጀመሪያ ሬዲዮው ነው የሚጮኸው» አላትና
ቁጭ አለ።
ከዚያ ወዲያ አልተጫወተም።

ግንቦት ላይ ፋሲል ግቢ ወሰድናቸው።
ግንቡ አልገረመው። ሌሎቹ ሲሯሯጡ
እሱ ባዶው የአንበሳ ቤት ፊት ቆመ፣ ፍርግርጉን ይዞ።
«ድሮ ማታ ማታ ማን ይዘጋበት ነበር?»
«ጠባቂው» አልኩት።
«ከውጭ?»
«አዎ፣ ከውጭ።»
ዝም አለ፤ ብረቱን አንድ በአንድ በጣቱ ነካካ።
«የኛ ቤት ከውስጥ ነው።»

ከመስከረም ወዲህ ለኔ ያዋየኝ ይኸው ነው።
ዓይኑ ግን አንበሳው ቤት ላይ አልነበረም፤
እጄ ላይ ነበር፣
የክፍሉ ቁልፍ ላይ።
ቀስ ብዬ ጨበጥኩት፣
እንዳይጮህ።